ስለ አንድ ቦኖ ሦስት ጊዜ የጠየቅነው

ሥራ የጀመርኩ ቀን አንድ ወፍራም መዝገብና አንድ ቀይ እስክሪብቶ ፈርሜ ተረከብኩ። የመዝገቡ ነገር ግልጽ ነበር። የክልሉ ምክር ቤት አባላት ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ቁጥር እየተሰጣቸው የሚመዘገቡበት ነው። ቀዩ እስክሪብቶ ምን እንደሚሠራ ግን ማንም አልነገረኝም፤ የፊደል ስህተት ለማረም መስሎኝ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ኦቦ ደረጀ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። በአዳማ ሙቀት ኮታቸውን የማያወልቁ፣ ከረባታቸው የማይላላ ሰው ናቸው። ከአንድ የገጠር ወረዳ ተመራጭ የመጣ፣ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። «መንገዳችንን ዶዘር ቆፍሮት ከሄደ ሁለተኛ ክረምት ሊገባ ነው። ዶዘሩ የት ገባ?» ይላል። ኦቦ ደረጀ ቀዩን እስክሪብቶ ከእጄ ወስደው ሁሉንም ሰረዙና ከላይ እንዲህ ጻፉ፦ «በወረዳው የገጠር መንገድ ተደራሽነትን ለማሻሻል እየተከናወኑ ያሉ ተግባራት የደረሱበት ደረጃ ማብራሪያ ቢሰጥበት።»

«ጥያቄ ሰው ቤት የሚገባ እንግዳ ነው» አሉኝ። «ጭቃውን ጠርገህ ነው የምትልከው።»

እውነቱን ልናገርና በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት አዳማ መናኸሪያ አጠገብ በሚገኝ አንድ የትራንስፖርት ማኅበር ውስጥ የጭነት ሰነድ ስታይፕ ነበር የኖርኩት። ሽንኩርት፣ ሲሚንቶ፣ ጨው፣ እንደገና ሽንኩርት። ያማረ ዓረፍተ ነገር መጻፍ የሚያስከብርበት ቤት በመግባቴ ኮራሁ። ማታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ «ተደራሽነት» የሚለውን ቃል ሳልነግራት አልቀረሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። በመሥሪያ ቤታችን የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔ አባቴ ከወሎ መጥቶ አዳማ ያገባ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ሰፈር ውስጥ ሁለቱንም ስናገር ያደግኩ ነኝ። አሁን በአማርኛ የማስቀምጣቸውን ጥያቄዎችና መልሶች የተረጎምኳቸው እኔው ነኝ። ካልጣፈጡ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የሥራው ሂደት ይህን ይመስላል። ጥያቄው ተጽፎ ይመጣል። አባሉ መፈረሙን አያለሁ፤ ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚሄድ እለያለሁ፤ ቁጥር እሰጠዋለሁ። አስተካክዬ እታይፓለሁ፤ ኃላፊው በጥጉ ላይ አጭር ፊርማቸውን ያኖሩበታል፤ ሸኚ ደብዳቤ ተያይዞ ማኅተም ይመታበታል። መልሱ በደንቡ በተቀመጠው ጊዜ ካልመጣ ማስታወሻ እጽፋለሁ። ሲመጣ ዋናውን አስቀርቼ ቅጂውን ለአባሉ እሰጣለሁ፤ አባሉ ምክር ቤቱ ለዕረፍት ሲዘጋ ወደ መራጩ ሄዶ ያነብለታል። በዚህ መስመር ከጽሕፈት ሠራተኛነት ወደ መዝገብ ያዥነት፣ ከዚያ ወደ ባለሙያነት፣ በመጨረሻም የጥያቄዎች ዴስክ አስተባባሪ ወደመሆን ደረስኩ። «ከድር ሲያስተካክለው ድንጋይ እንኳ ይለሰልሳል» ይሉኝ ነበር። እኔም እንደ ምስጋና እወስደው ነበር።

ምሳ የምንበላው በኅብረት ነው። ከኦቦ ደረጀ ጀምሮ አምስት ስድስት ሰው እንሆናለን፤ ትሪው አንድ ነው። የሚታዘዘው ሽሮ ነው፤ የባቱ አሳ የደረሰ ቀን ደግሞ አሳ። ሥጋ ታዝዞ አያውቅም። ለምን እንደማይታዘዝ ተነጋግረንም አናውቅም። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ኦቦ ደረጀ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ሁለታችንም አሳ እንወዳለን፤ ነገሩ በዚሁ አልቆ ነበር።

አዴ ጫልቱ የመጡት እኔ አስተባባሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። በመቂና በባቱ መካከል ካሉት የገጠር ቀበሌዎች የተመረጡ፣ ለረጅም ዓመት የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩ ሴት ናቸው። ሲስቁ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይሸፍናሉ። እንደ ብዙው የዚያ አገር ሰው ጥርሳቸው የበለዘ ነው። በስምጥ ሸለቆው ውኃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይበዛል። የልጅን ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እያለ ያበልዘዋል፤ ዕድሜ ልክ ሲጠጡት ደግሞ አጥንት ያጎብጣል፣ አንገት አያዞርም።

ጥያቄያቸው በመምህር እጅ የተጻፈ ነበር። «በቡርቃ ዲማ ቦኖ ላይ ማጣሪያ ከተሠራ ሁለት ዓመት ሆነው። ልጆቻችን አሁንም የሚጠጡት ጥርስ የሚያበልዘውን ውኃ ነው። ለምን?» የመንደሩን ስም ቀይሬዋለሁ፤ ሌላው እንዳለ ነው።

እኔም ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። «በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በመጠጥ ውኃ ውስጥ ያለውን ከፍተኛ የፍሎራይድ መጠን ለመቀነስ የተነደፉ ስልቶችና የተመዘገቡ ውጤቶች ማብራሪያ ቢሰጥባቸው» አልኩት። አንብቤ በልቤ አጨበጨብኩ። ጉዳዩ የአንድ ቦኖ ጉዳይ ነበር፤ እኔ የአንድ ሸለቆ አደረግኩላቸው።

መልሱ ስድስት ገጽ ሆኖ መጣ። አዴ ጫልቱ ጠረጴዛዬ ፊት ቁጭ ብለው፣ የተማሪ ፈተና እንደሚያርም ሰው ጣታቸውን በየመስመሩ ላይ እያስኬዱ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ አጠፉትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ኦቦ ከድር፣ የመንደሬ ስም የለበትም» አሉ።

ፖሊሲ ሰፋ ባለ መልኩ ሲታይ፣ ምናምን እያልኩ ለማስረዳት ሞከርኩ። ስጨርስ ልጃቸው መውለዷን ነገሩኝ። ሕፃኗ ሴት ናት፤ አራት ወሯ ነው። የእናት ጡት ላይ እስካለች ድረስ አያስቡም፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን አጥሚት ይጀመርላታል፤ አጥሚቱ የሚሠራው በዚያ ውኃ ነው።

«ለእኔ አልፏል» አሉ ወደ አፋቸው እያመለከቱ። «ለትልልቆቹ ልጆችም አልፏል። በጀት ይጠብቅ ይሆናል፤ ድድ ውስጥ ያለ ጥርስ ግን አይጠብቅም።»

ጥያቄውን ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ እሳቸው አልተናገሩም፤ መናገርም አላስፈለጋቸውም። ሁለተኛውን ጥያቄ እዚያው አብረን ጻፍን። «በቡርቃ ዲማ ያለው ማጣሪያ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ ነበር፤ ራቁቱን የላክሁት መሰለኝ።

ይኼኛው ፈጥኖ ተመለሰ። «ማጣሪያው በአግባቡ ተሠርቶ አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል» ይላል። አዴ ጫልቱ በዕረፍቱ ወደ መንደር ሄደው ግራር ሥር ለተሰበሰበው ሰው አነበቡለት። ሲመለሱ የነገሩኝ ነገር እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አንድም ሰው ውሸት ነው አላለም፤ አንድም ሰው እውነት ነው አላለም። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ስለ ሽንኩርት በሽታ ወሬ ጀመሩ።

አባል የመሥሪያ ቤትን መልስ ሲጠራጠር የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያና ከእኛ አንድ ሰው ቦታው ድረስ ሄደው እንዲያዩ ማድረግ ይቻላል። ማንም ብዙ አይጠቀምበትም፤ አበል የሚያስገኝ ሥራ ስላልሆነ ይሆናል። እኔ ራሴ እሄዳለሁ አልኩ። ከውኃው መሥሪያ ቤት ሚልኬሳ የሚባል ወጣት ኢንጂነር ተመደበ። አዴ ጫልቱን ጨምረን በሞጆ በኩል ወረድን። መቂ ስንደርስ ደላሎች መንገድ ዳር ቲማቲም እያስጫኑ ይጯጯሃሉ፤ ኢንጂነሩ በመንገዱ ሁሉ ማጣሪያው እንዴት ጥሩ ሥራ እንደሆነ አስረዳኝ። የሚገርም ሥራ ነው በእርግጥ። የከብት አጥንት ይሰበሰባል፤ አየር በማያገኝበት ምድጃ ይከስላል፤ ይፈጫል፤ ውኃው በእሱ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል። ርካሽ ነው፤ አገር ውስጥ ይገኛል፤ ተለክቷል፣ ተሞክሯል።

ቦኖው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። አራት ቧንቧ፣ ኮንክሪት መደብ፣ ከበላዩ ትልቅ ታንከር፣ ከጎኑ በቆርቆሮ የተሸፈነ ማጣሪያ። ጋሪዎች ጀሪካን ጭነው ተሰልፈዋል። የቦኖው ጠባቂ ወይዘሮ አስካለ የምትባል ቀጠን ያለች ሴት ናት፤ ቁልፉ በአንገቷ ላይ ባለ ክር ታስሯል። ኢንጂነሩ የማጣሪያውን ክዳን ከፍቶ አየው። ከሰሉ ደርቋል፤ አቧራ ለብሷል። ግን አንድም ነገር አልተሰበረም። ከታንከሩ ወደ ማጣሪያው የሚወስደው ቫልቭ ተዘግቷል፤ ማጣሪያውን አልፎ ቀጥታ ወደ ቧንቧዎቹ የሚወስደው ተከፍቷል። አዙሮ ሞከረው፤ ያለ ችግር ዞረ።

መልሱም ጥያቄውም አንድ ላይ ከሸፉ። መሥሪያ ቤቱ ውኃ እየፈሰሰ አይቶ «እየሠራ ነው» ብሏል፤ መንደሩ «ተበላሽቷል» ይላል። ማጣሪያው ግን ደህና ሆኖ የተዘጋ ነው።

«ማን ዘጋው?» አለ ኢንጂነር ሚልኬሳ።

ወይዘሮ አስካለ ጀሪካን ለማንሳት ጎንበስ አለች። ጋሪ የያዙት ሰዎች አህያና ፈረሶቻቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ከሰልፉ አጠገብ የቆሙት ሐጂ አማን፣ የመንደሩ ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰላምታ ጀመሩን፤ የቤተሰባችንን፣ የከብቶቻችንን፣ የዝናቡን ደህንነት ጠየቁን። ኢንጂነሩ ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ ሦስት ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ተመለሰለት። ተናደደና ባቱ ሄደን ምሳ እንብላ አለ።

ባቱ ሐይቁ ዳር ከሚገኝ አንድ ቤት ገባን። አስተናጋጁ ጥብስም ክትፎም እንዳለ ነገረን። እኔ አፌ ስለለመደ «አሳ» አልኩ። ሚልኬሳ ሙስሊም መሆኔን ስለሚያውቅ ወዲያው «አዎ፣ አሳ ይሻላል» አለ። አዴ ጫልቱም አሳ አሉ። አሳው መጣ፤ ከአንድ ትሪ መብላት ጀመርን። ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልውጠው እጄ ቆመ።

አሳ እርድ የለውም። በአገራችን ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ስለዚህ አንድ ላይ መብላት ስንፈልግ አሳ እናዛለን፣ ምክንያቱንም ሆድ ይፍጀው ብለን እንተወዋለን። ሃያ ዓመት እንዲህ አድርጌያለሁ። ቡርቃ ዲማ ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን ነው። እኛ ደግሞ አንድ ቀን ሄደን ውኃችሁን በአጥንት ውስጥ አሳልፈን እናጠጣችሁ ብለናቸዋል።

«ሚልኬሳ፣ አጥንቱ የማን እርድ ነው?» አልኩት።

አየኝ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው አሳውን አስቀመጠ። ከየቄራው የተሰበሰበ እንደሆነ፣ ሲከስል ሁሉም አንድ ከሰል እንደሚሆን፣ ያን የመሰለ ሙቀት ምን እንደሚያስቀር እያለ ማስረዳት ጀመረና መሀል ላይ ተወው። ማንም ጠይቆት አያውቅም። እሱም ማንንም አልጠየቀም።

ወደ መንደሩ ተመለስን። በዚህ ጊዜ ኢንጂነሩ መኪና ውስጥ ቀረ፤ የቀረው በራሱ ፈቃድ ነው። እኔ ወይዘሮ አስካለን ለብቻዋ ጠየቅኳት። ጥቂት ካቅማማች በኋላ ተናገረች። ማጣሪያው በተመረቀ ሰሞን አጥንት መሆኑ ተወራ። ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቿ አፍ አውጥተው ምንም አላሉም፤ ግን ሌላ ቦታ ሄደው መቅዳት ጀመሩ፤ ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ። እሷ አሳዘኗት። «ለእነሱ ብዬ ዘጋሁት፣ ጋሼ» አለችኝ። «ተበላሸ አልኳቸው። አጥንቱ የእኛ ወገን እርድ ነው ብለው ተቀይመው እንዳይቀሩ ብዬ ነው።»

ሐጂ አማን ጋ ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ ኦርቶዶክሶቹ በጾም ጊዜ አጥንት የነካ ውኃ ለመጠጣት ሲሳቀቁ አይተው፣ ማጣሪያው ቢዘጋ ይሻላል ብለው ለአስካለ ባል በዘወርዋራ ያስነገሩት እሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። ለእነሱ ብለው ነው። «በራስዎስ በኩል?» አልኳቸው። «እኔም ልቤ አልተቀበለውም፤ ግን ይህን ተናግሬ ጎረቤቴን ላስቀይም?» አሉ።

ሁለቱም ለሌላው ብለው ዘግተውታል። በዚህ መሀል ልጆቹ የሚያበልዘውን ውኃ ይጠጣሉ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላወቅኩም፤ ሁለቱም መጡብኝ።

ስንመለስ የሰማሁትን ለአዴ ጫልቱ ነገርኳቸው። ሞጆ ስንቃረብ በዝግታ ተናገሩ።

«አውቅ ነበር» አሉ። «እርግጠኛ አልነበርኩም እንጂ ሰምቼ ነበር። የመረጡኝ ሁለቱም ናቸው። ይህን ብጽፍ በእነሱ መሀል እሳት የለኮስኩ መሰለኝ። እርስዎ ጥያቄዬን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት፤ እኔ ገና ሳልጽፈው በልቤ ሰርዤው ነበር።»

ሕፃኗ አጥሚት ጀምራለች። ልጃቸው ከባቱ ድረስ በጋሪ የታሸገ ውኃ እያስመጣች እንደምትሠራላት ነገሩኝ። ለስንት ጊዜ ይቻላል? ለሌሎቹስ ሕፃናት? ማልቀስ ጀመሩ፤ ሚልኬሳ መኪናውን ዳር ያዘ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሳቸው «እንሂድ፤ እጽፈዋለሁ» አሉ።

ጻፉትም። ሦስተኛው ጥያቄ ይኸውላችሁ፦ «አንደኛ፣ በቡርቃ ዲማ ማጣሪያ ውስጥ ያለው አጥንት ከየትኛው እርድ ነው? ሁለተኛ፣ ማጣሪያው ሲታሰብ ነዋሪው ተጠይቋል? ሦስተኛ፣ አጥንት የሌለበት ማጣሪያ አለ? ካለ መቼ ይተከላል? በእነዚህ ላይ ማብራሪያ ቢሰጠን።» ከመላካቸው በፊት አንድ ነገር አደረጉ። ሐጂ አማንንና የቤተ ክርስቲያኑን አስተዳዳሪ አንድ ላይ ቁጭ አድርገው ጥያቄውን አነበቡላቸው። አስተዳዳሪው «ኧረ ለዚህ ነበር እንዴ» ማለታቸውን፣ ሐጂ አማንም ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው መሳቃቸውን በኋላ ነገሩኝ። የተፈራው እሳት አልተነሳም። ሁለቱም ይላክ አሉ።

ኦቦ ደረጀ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ወር ቀርቷቸው ነበር። ወረቀቱን አንብበው ወደ እኔ ገፉት። እርድ የሚል ቃል በምክር ቤቱ ማኅተም አይወጣም አሉ። ሃይማኖት የሚነካ ነገር ነው፤ ነገ በየሶሻል ሚዲያው ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ «የነዋሪውን ማኅበራዊ እሴት ያገናዘበ የቴክኖሎጂ ምርጫ» በለውና እፈርማለሁ አሉ። ስጋታቸው የፈሪ ሰው ስጋት አልነበረም፤ ብዙ ያዩ ሰው ናቸው። የሰጡኝ ቃልም ያምር ነበር። ከዓመት በፊት ቢሆን ተቀብዬ ስሜን እፈርምበት ነበር።

በዚያ ቢሮ ውስጥ አለቃዬን ተቃውሜ አላውቅም። ወረቀቱን መልሼ ወደ እሳቸው ገፋሁት።

«ኦቦ ደረጀ» አልኳቸው፣ «እኔና እርስዎ ሃያ ዓመት ሙሉ አሳ ስንበላ ለምን እንደሆነ ተነጋግረን እናውቃለን?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ሲዘረጉ አለቀልን ብዬ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ሰረዙ። መጨረሻ ላይ ያለውን «በእነዚህ ላይ ማብራሪያ ቢሰጠን» አጥፍተው «ይነገረን» አሉት። በጥጉ ፈርመው ወረቀቱን መለሱልኝ።

«አሳ እወዳለሁ ደግሞ» አሉ። «እሱ ውሸት አይደለም።»

መልሱ ጊዜውን ጠብቆ መጣ፤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ኢንጂነር ሚልኬሳ አርቅቆ በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አስፈርሞታል። አጥንቱ ከየትኛው እርድ እንደሆነ መሥሪያ ቤታቸው አያውቅም ይላል። ነዋሪው አልተጠየቀም ይላል። አጥንት የሌለበት፣ በማዕድን ጠጠር የሚሠራ ማጣሪያ መኖሩን፣ ከቀጣዩ ክረምት በፊት እንደሚተከል፣ ሥራውንም በኃላፊነት የሚከታተለው እሱ ራሱ እንደሆነ ይገልጻል። በዚያ ሁሉ ዓመት «አናውቅም» የሚል መልስ በመዝገቤ ላይ አስፍሬ አላውቅም ነበር። እንደዚያ ቀን በመንግሥት መልስ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቀላል ሆነ ማለቴ አይደለም። ጠጠሩ ዘገየ፤ ሁለት ማስታወሻ ጽፌያለሁ። የመጣው ደግሞ ለታንከሩ የማይገጥም ዕቃ ነበረበት። ግን ክረምቱ ሳይገባ ተተከለ። ጠጠሩ ሲፈስ ሐጂ አማንና የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ተጠርተው አዩ፤ ሐጂ አማን በመዳፋቸው ዘግነው አሸተቱት። ቫልቩን ያዞረችው ወይዘሮ አስካለ ናት። ሌላ አንድ መንደር ደግሞ ነገሩ በግልጽ ሲነገራቸው፣ አጥንቱ ከራሳቸው እርድ እንዲሆን ብቻ ጠይቀው በአጥንቱ ቀጥለዋል። አሁን ማጣሪያ ከመተከሉ በፊት የሚሞላ ቅጽ አለ፤ ነዋሪው ስለ ማጣሪያው ዓይነት ተጠይቆ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ገብቶበታል። ያንን መስመር ማን እንዳስገባው አውቃለሁ፤ አሁን ወጣት ሊባል የማይችል ኢንጂነር ነው።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ። ባለፈው ሰሞን አዴ ጫልቱ ስልክ ደወሉልኝ። እሳቸውም ምክር ቤቱን ለቀዋል። ሰላምታውን በአጭር ቆረጡት፤ እንዲህ አያደርጉም ነበርና ደነገጥኩ። የልጅ ልጃቸው የወተት ጥርሶች ወልቀው እንደነበር፣ ሁለቱ የፊት ጥርሶች አሁን እንደበቀሉ ነገሩኝ።

«ነጭ ናቸው» አሉ።

በእኔ ወንበር የተቀመጣችሁ ልጆች ሥራውን እንዴት እንያዘው ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። ጥያቄውን በጠያቂው ቃል ጻፉት። አፍሮ የተወው ነገር ካለ ጠይቁትና እሱንም ጻፉት። የቡርቃ ዲማ ልጆች ለተጨማሪ ወራት መጥፎ ውኃ የጠጡት እኔ ባማረ ቃል ስለጻፍኩ ነው፤ የእነሱ ጥርስ አይመለስም።